የጥር ጭቃ

«እጅሽ ቀዘቀዘ፣ ዶርቃስ። ግድ የለም፣ ጭንቅላቴ ላይ ይሞቅልሻል። ሰኔ እንዲህ ከጀመረ ነሐሴ ምን ሊያመጣ ነው? ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጁ መታጠፊያው ላይ ቆመና ‹እህቴ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ የዳክዬ ነው፣ የባጃጅ አይደለም› ብሎ አወረደኝ። ሳቅሁ፣ ወረድኩ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ። … ከፊት በኩል ጠበቅ አድርጊው፤ ነገ እንዲፈታብኝ አልፈልግም።»

ዶርቃስ ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳለች። የሰፈሩን ሴቶች ጸጉር የምትሠራው እሷ ናት፤ አንዴ ማበጠሪያውን ከነከሰች ሹሩባው እስኪያልቅ ትሰማለች እንጂ አታወራም። ወርቅቱ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለዛሬ የፈለገችውም እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የተቀመጡት በወርቅቱ ወንድም በሙለታ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ወርቅቱ በርጩማ ላይ፣ ዶርቃስ ከኋላዋ ሶፋው ጫፍ ላይ። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የሙለታ ሚስት ለነገ እንግዶች ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ወርቅቱ ከተወለደች ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት፤ ሙቀጫ ግን ታነባለች። ይህኛው የሰላማዊ ሴት ወቀጣ ነው። አይቸኩልም፣ አይዘገይም።

«ትናንት ድራማውን አየሽው? እኔም አየሁት። አዎ፣ ‹አየሁት› ነው የምለው፤ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳስተምር የምውል ሴት ይቺን ቃል ብዋስ ማን ይከሰኛል? ድሮ እኮ የውጭ ድራማ ሲመጣ ለኔ ጩኸትና ሙዚቃ ነበር። በአማርኛ መናገር ሲጀምሩ ተገላገልኩ። ከሁሉ ግን በፍላሽ የሚሸጡትን የትርጉም ፊልሞች የሚተርከውን ሰውዬ ጌታ ይባርከው። ትንፋሽ እንኳ አይወስድም። ‹አሁን ከኋላው መጣበት፣ ዱላ ይዟል፣ ዙር አንተ ጅል› ይላል። አክተሩ አይሰማውም። እኔ ግን እሰማዋለሁ፤ በርጩማዬ ላይ ሆኜ ስንቴ ዞሬያለሁ መሰለሽ።»

ዶርቃስ በአፍንጫዋ ሳቀች። ከጓዳውም ትንሽ ሳቅ ተሰማ። ዱክ፣ ዱክ።

«ችግሩ ሰዎቹ ዝም ሲሉ ነው። ፊልም ውስጥ ትልቅ ነገር የሚሆነው ሰው ዝም ሲል ነው አሉ። ያን ጊዜ አጠገብሽ የሚነግርሽ ሰው ከሌለ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ግን በዚህ በኩል ዕድለኛ ነኝ። … አንዲት ሴት አለች። አታውቂያትም። ወይም ታውቂያት ይሆናል፤ አምቦ ትንሽ ከተማ ናት። እሷ ፊልም ስትነግርሽ፣ ማሎ፣ ፊልሙ ራሱ ቆሞ የሚሰማት ነው የሚመስልሽ። ‹ከመስማት ማየት› የሚሉት እሷን ያልሰሙ ናቸው።»

*

ወርቅቱ በእጇ መዳፍ ጉልበቷን አሻሸች። ነገሩን ለመጀመር ፈርታ አይደለም። ጣፋጭ ነገር ቶሎ አይዋጥም።

«ጨዋነቷን ልንገርሽ። ወንዱና ሴቷ ድንገት ዝም ሲሉ ‹ምን እያደረጉ ነው?› እላታለሁ። ‹እየጸለዩ ነው› ትለኛለች። ሁልጊዜ። ሠርግ ላይ ይጸልያሉ፣ መኪና ውስጥ ይጸልያሉ፣ ዝናብ እየመታቸው ይጸልያሉ። አንዴ ለቄሱ ‹ወደነዚህ አገሮች ወንጌላዊ መላክ ለምን አስፈለገ? ከነሱ ወደኛ ይምጡልን እንጂ› ብዬ ስናገር ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም ነበር። አሁን ሲገባኝ ጊዜ እኔም እስቃለሁ። ይኼ ምን ክፋት አለው? የኔን ጆሮ ከኃጢአት ለመጠበቅ ብላ አይደል?

«ደግሞ ፍርዷ ፈጣን ነው። ‹ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል› ይላሉ። የሷ ልብ ቀድሞ ይፈርድና ዓይኗ ኋላ መጥቶ ይመሰክራል። ይኼ ለዳኛ ቢሰጥ ስንት መዝገብ ያልቅ ነበር?

«አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኝ ነበር። … ወንዶቹ። በሷ ፊልም ውስጥ ያሉት ወንዶች ሁሉ የጫማ ችግር አለባቸው። ወንዱ ተሰናብቶ ይወጣል፣ እግሩ ይሰማኛል፣ በሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሙዚቃው ይለሰልሳል። ‹ምን ሆነ? ለምን ቆመ?› እላለሁ። ‹ጫማውን እያሰረ ነው› ትለኛለች። ሌላ ቀን፣ ሌላ ፊልም፣ ሌላ ወንድ። ይወጣል፣ ይቆማል። ‹ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶበት ነው።› እኔ ምን ላውቅ እችላለሁ? በልቤ ግን ‹የዓለም ጫማ ሰሪ እንዲህ ያለ ማሰሪያ ሲሠራ አያፍርም ወይ?› እል ነበር። ያ ሁሉ ክራር፣ ያ ሁሉ ቫዮሊን ለአንድ ክር?»

የሙቀጫው ድምፅ አልቆመም። ግን ከሦስቱ ዱክ አንዱ ሳተ። ወርቅቱ ሰማችው።

*

«እና ባለፈው ሚያዝያ፣ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ፊልም አሳዩን። ለእኛ፣ ለዓይነ ስውራን። ‹ትረካ ያለው ፊልም ነው› ሲሉን እኔ ያ የፍላሹ ሰውዬ የመጣ መስሎኝ ተደስቼ ነበር። አይደለም። አንዲት ሴት ናት፣ ድምፅዋ ፊልሙ ላይ ተቀድቷል። ሰዎቹ ሲናገሩ ዝም ትላለች፤ ዝም ሲሉ ትገባለች። ትገባና የሚታየውን ብቻ ተናግራ ትወጣለች። አትፈርድም፣ አታዝንም፣ ‹ምስኪን› እንኳ አትልም። በሊቀመንበርነት ስብሰባ የምትመራ ነው የምትመስለው። ከኛዋ ጋር ሲተያይ ጨው የሌለው ወጥ በይው።

«ፊልሙን ደግሞ አውቀዋለሁ። በገና ሰሞን እዚሁ ሶፋ ላይ ያቺ ሴት ነግራኛለች። የከባድ መኪና ሹፌርና መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ልጅ ናቸው። መጨረሻው ላይ ሹፌሩ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል፤ ልጅቷ መስኮቱ ጋ ናት፤ ከዚያ በኋላ ወሬ የለም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። ያኔ የተነገረኝ እንዲህ ነው፦ በሩ ላይ ጎንበስ አለ፣ ጫማውን አሰረ፣ ሄደ። አለቀ። እኔም ለልጅቷ አልቅሼ ተኛሁ።

«አዳራሹ ውስጥ ያው በር መጣ። ያው ሙዚቃ። እኔ ጫማውን እየጠበቅሁ ነው። ያቺ ደረቅ ሴት ገባች። ‹በሩን ይይዛል። ይዞራል። መስኮቱን ያያል። መጋረጃው ይገለጣል። ቦርሳውን መሬት ላይ ያስቀምጣል።› አለቀ።

«ዶርቃስ፣ ይቅር በይኝ፣ ግን አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ‹ጫማውስ?› አልኩት። ሰዎች እያጨበጨቡ ነው፣ እኔ ሰው ይዤ ጫማ እጠይቃለሁ። ‹የምን ጫማ?› አለኝ። … የምን ጫማ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ለአፍታ ደብድቦ አለፈ። ወርቅቱ ያን ቀን ከአዳራሹ ስትወጣ ባጃጅ አልጠራችም። በእግሯ ነበር የመጣችው፤ በዱላዋ የአስፋልቱን ጠርዝ እየነካች። በልቧ ውስጥ ግን የምትሄደው ሌላ መንገድ ላይ ነበር። ከሳሎኑ በር እስከ ግቢው በር ያለችውን አጭር መንገድ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥር።

*

«‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል› ይላሉ። እኔ ንጋቱን አላየው፤ ስለዚህ የኔ ድርሻ አንዱ ብቻ ነው። … አላበሽ እንዴ፣ ወይስ ዝናቡ ነው? ቀጥይ፣ ቀጥይ። ሌላ ፊልም ልንገርሽ። ይኼኛው የተሠራው እዚሁ አምቦ ነው፤ ትርጉም አያስፈልገውም።

«አንዲት ልጅ አለች፣ እንደኔ አስተማሪ፣ እንደኔ ዓይነ ስውር። ያው ፊልም ነው፣ ሰው ይመሳሰላል። በጥር አንድ ሰው ሊያያት ይመጣል። ከጎጆ ከተማ፣ የጤና መኮንን ነው። ቶኩማ እንበለው። አጎቱን ኦቦ ነጋሳን አስከትሎ፣ ለቤቱ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ። አበባ አይደለም፣ ድንች። ልጅቷ በሆዷ ‹ይኼ ሰው ቁም ነገረኛ ነው› ትላለች። ድምፁም ደስ ይላታል፤ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፣ ሰው እንዳያነቃ የሚፈራ ይመስል።

«ታዲያ ከልጅቷ ጎን፣ ጆሮዋ ስር፣ አንዲት አንደበተ መልካም ተቀምጣለች። ልጅቷ በሹክሹክታ ትጠይቃለች። ‹ምን ያያል?› ‹ሰዓቱን።› ‹አሁንስ?› ‹በሩን። … ስልኩን ደግሞ አወጣ።› ‹እኔንስ አላየኝም?› … ‹አንዴ አየሽ። እንደ ታካሚ።›»

ሙቀጫው ቆመ።

ወርቅቱ ከንፈሯን በምላሷ አራሰች። ዶርቃስ ጉንጉኑን እንደያዘች ጣቶቿ ደርቀዋል።

«እንደ ታካሚ። ምን የመሰለች ቃል ናት። አንዲት ቃል ብቻ፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ የቀረበላትን ዳቦ እንኳ አልነካችም። ሰውዬው ተሰናብቶ ወጣ። ልጅቷ ከሳሎኑ በር ላይ ቆማ እግሩን ትሰማለች። የግቢያቸው በር እንደኛው ቆርቆሮ ነው፤ ሲከፈት ይጮኻል፣ ሲዘጋ ይጮኻል። ሲከፈት ጮኸ። … ሲዘጋ አልጮኸም። ቆየ። በጣም ቆየ። ‹ምን እያደረገ ነው?› አለች። እስኪ ገምቺ።

«ኤዬ። ጫማውን እየጠረገ። ‹ጭቃ ይዞታል› ተባለች። ልጅቷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማታ ወንድሟ ‹እህቴ፣ ምን ልበላቸው?› ሲላት ‹ይቅር በላቸው› አለችው።

«በጥር፣ ዶርቃስ። የአምቦ ጥር። ምድር ተሰንጥቃ፣ አቧራው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ የሚያስለን ጥር። ጭቃ ከየት መጣ? የተማረች ልጅ ናት እኮ፣ ለሕፃናት ወቅቶችን የምታስተምር። ‹ጎረቤት የእጥበት ውሃ ደፍቶ ይሆናል› ብላ አሰበች። እንግዲህ የምትወጂው ሰው ሲነግርሽ ውሃውንም አንቺው ታፈሺለታለሽ።»

*

ይህን ስትል ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። ወዲያው ግን አነሳችው። ለማልቀስ ብላ አይደለም ሹሩባ የምትሠራው።

«ግን የፊልሟ ልጅ ስልኳ የሚናገር ነው፤ ሲነኩት ስሙን ያነባል። የሰውዬውን ቁጥር አላጠፋችውም ነበር። ለምን እንዳላጠፋችው አትጠይቂኝ፤ ድንች ለማዘዝ ይሆናላ። ከአዳራሹ በመጣች ማግስት ደወለችለት። ሰላምታውን ሳትጨርስ ‹ያን ቀን ጫማህ ላይ ጭቃ ነበር?› አለችው። ጎጆ ላይ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ፣ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመ። ‹ጭቃ አልነበረም› አለ። ‹በሩን ይዤ አንቺን እያየሁ ነበር። ትንሽ ፈገግ ብትዪልኝ ተመልሼ ልገባ ነበር። አንቺ ግን ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽብኝ።›

«‹ሰዓትህን ስታይ ነበር አሉ› አልኩት። … አለችው ማለቴ ነው። ‹ሰዓት አስሬ አላውቅም› አለ፤ ‹እጅ ስታጠብ ያስቸግራል።› ስልኩንስ? አጎቱ ይዞለት ነበር። እንግዲህ ፍረጂ፤ የሌለ ሰዓት፣ የሌለ ስልክ፣ የሌለ ጭቃ የምታይ ሴት ተራ ሰው ናት? በኛ ቤተ ክርስቲያን ይኼ ስጦታ ይባላል። እኔ ያለውን ማየት አቅቶኝ ስኖር፣ እሷ የሌለውን ታያለች። ለአንዱ ሲነፍግ ለአንዱ አትረፍርፎ ይሰጣል፣ ጌታ።

«‹እንደ ታካሚ ነው ያየሽ ተብዬ ነበር› ስትለውስ? ‹ታካሚ እንደዚያ አድርጌ ባይ ኖሮ እስከ ዛሬ ከሥራ አባርረውኝ ነበር› አላት።»

ዶርቃስ ማበጠሪያዋ እስኪወድቅ ሳቀች። ወዲያው አንስታ መልሳ ነከሰችው፤ በዚህ ሰዓት አፍ ነጻ መሆኑ የሚያዋጣ አልመሰላትም።

ከዚያ የሆነውን ሰፈሩ ያውቀዋል። ኦቦ ነጋሳ ለሙለታ ደውሎ «ልጃችን ልቡ አልቆረጠም፣ ቅዳሜ ደግመን እንምጣ» አለ። ሙለታ እህቱን ሲጠይቃት «ይምጡ» አለችው። ደስ አለው። ምን እንደተለወጠ አልጠየቀም። ሚስቱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስትጠይቅ ከርማለች፤ ባሏን አይደለም፣ ራሷን። መልሱን ያገኘችው አሁን፣ ሙቀጫ ይዛ ነው።

*

«ክፉ ናት እንዳትዪ ብቻ። እኔ እሷን የሚያማ ሰው አልወድም። ፍቅር ነው። እስኪ አስቢው፣ ያቺ ልጅ ካገባች ማታ ማታ ለልጆቹ ፊደል ማን ያስቆጥራል? መዘምራን ልምምድ ሲኖር ቤቱን ማን ይጠብቃል? አራስ ሲኮን ማን ያድራል? ‹አንቺ ከወጣሽ ቤቱ ይጨልማል› ትላት ነበር ሁሌ። ሰው ለመብራቱ ሲል ምን አያደርግም? ዶሮ እንኳ ጎህ ሲቀድ የሚጮኸው ለራሱ ነው፤ ለኛ ብሎ የሚቀሰቅሰን ይመስለናል እንጂ።

«ደግሞ ልጅቷ ለወንድሟ ምንም አልነገረችውም። ለምን ትነግረዋለች? ሚስቱን የሚወድ ሰው ነው፤ የሚወደውን ሰው ቀና ብሎ ሲያይ እንዲጠራጠር ማድረግ ደግ ነው? ነገ በደንብ ከታየ ትናንትን ማን ያነሳዋል? … ነገ በደንብ ካልታየ ግን፣ ነገርን ነገር ያነሳዋል።

«ነገ አንቺም ትመጪያለሽ፣ አይደል? ከጎኔ ተቀመጪ። ምንም አትንገሪኝ፤ ማበጠሪያሽን ነክሰሽ ብትመጪ ደስ ይለኛል። የሚያየውን ራሱ ይንገረኝ፤ አፍ አለው። ለዚያች ሴት ደግሞ የክብር ቦታ አዘጋጅቼላታለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር። ከዚያ ግቢው እስከ ጥጉ ይታያል አሉ። ስጠይቃት እንደ ድሮው በጆሮዬ አታንሾካሹክም፤ ኦቦ ነጋሳም ሙለታም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትተርክልን። እንደዚህ ያለ ስጦታ በአንድ ጆሮ ብቻ ማለቁ አያሳዝንም? ሰኔ ነው፣ ነገስ እውነተኛ ጭቃ አለ። ‹ጫማውን እየጠረገ ነው› ብትለኝ አምናታለሁ።»

የመጋረጃው ቀለበቶች ተንሿሹ። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ገባ፤ ከሽታው ኋላ የሻይ። የሙለታን ሚስት ኮቴ ወርቅቱ ታውቀዋለች፤ ሰባት ዓመት አብራው ኖራለች። ሴትዮዋ ሻይ ባመጣች ቁጥር «ሻይ፣ በቀኝሽ፣ ይፋጃል» ማለት ልማዷ ነው። ዛሬ ኩባያው ጠረጴዛውን ሲነካ ብቻ ተሰማ።

ወርቅቱ እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ የጠረጴዛውን ጠርዝ አገኘች፣ ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ ኩባያውን። በግራዋ ነበር። አነሳችው፣ እፍ አለችበት፣ ፉት አለች። እንደ ወትሮው ስኳሩ ልክ ነው። ሰባት ዓመት ስኳሯን የማይስት እጅ። ኩባያውን መለሰችና ፊቷን ወደ መጋረጃው ሳይሆን ወደ ዶርቃስ ጉልበት አዘነበለች።

«ሻዩ ጣፍጧል። … ጨረስሽው? ተባረኪ፣ ጭንቅላቴ ቀለለኝ። ከመነሳታችን በፊት ግን ያቺን ሴት እንመርቃት። ሐሜት ያለ ምርቃት አይዘጋም፤ ደግሞም ያሳየችኝን ያህል ማንም አላሳየኝም።

«ጌታ ዕድሜዋን ያርዝምላት። ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋ፣ ጸጉሯ እንደ ጥጥ እስኪነጣ ትኑር። ዓይኗ በእርጅና ሲደክምና ቴሌቪዥኑ ጉም ሲሆንባት ብቻዋን አይተዋት። እንደሷ አንደበቷ የሚጣፍጥ፣ እንደሷ አጥብቃ የምትወዳት ምራት ይስጣት፤ ጆሮዋ ስር ትቀመጥላት። ልጆቿ ሊጠይቋት መጥተው ሲሄዱ፣ የግቢው በር ተከፍቶ ሳይዘጋ ሲቆይና ‹ምን እያደረጉ ነው?› ብላ ስትጠይቅ … እሷ ለኔ እንደነገረችኝ አድርጋ፣ ምንም ሳታጎድል ትንገራት።

«አሜን በሉ እንጂ።»